ገበያውን የራቀ ጣቢያ

ድሬ ዳዋን የቆረቆራት ባቡር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለአልፍሬድ ኢልግ በሰጡት ውል የተጀመረው ሐዲድ የሐረርን ተራራ መውጣት ስለከበደው ከግርጌው አለፈ። በ1895 ዓ.ም. የደረሰበት ሜዳም ከተማ ሆነ። ከዚራ በጣቢያው ዙሪያ፣ መጋላ ደግሞ ከደቻቱ ማዶ በገበያው ዙሪያ አደጉ።

የዚያ ሐዲድ ስፋት አንድ ሜትር ብቻ ነበር። ባቡሩም ቀርፋፋ ነበር። ነገር ግን ነጋዴዋን ከነጓዟ ከተማው መሀል ያወርዳት ነበር፤ ከዚያ ከፊራ ወይም ታይዋን ገበያ ለመድረስ ብዙ አያስወጣትም። በጥገና እጦት ሲዳከም የቆየው የአዲስ አበባ–ድሬ ዳዋ ጉዞ በ2000 ዓ.ም. አካባቢ ተቋረጠ።

በእሱ ፋንታ 750 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመው የኤሌክትሪክ ባቡር መስመር ተሠርቶ መስከረም 2009 ዓ.ም. ተመረቀ፤ መደበኛ አገልግሎት የጀመረውም በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. ነው። ፈጣን ነው። ጣቢያው ግን ከድሬ ዳዋ ከተማ ውጭ ነው። በአዲስ አበባ በኩልም መነሻው ለገሃር መሆኑ ቀርቶ ፉሪ-ለቡ ሆኗል። እንግዲህ ተሳፋሪው ከባቡር ትኬቱ ሌላ በሁለቱም ጫፍ የታክሲና የባጃጅ ይከፍላል፤ ጓዝ ላለው ደግሞ የጫኝና የአውራጅ ይጨመራል። አውቶቡስ በበኩሉ ከተማው ውስጥ ያደርሳል።

ይህ ለምን ሆነ? መሐንዲሱ ምክንያት አለው፤ ፈጣን ባቡር ሰፋ ያለ መታጠፊያ ይፈልጋል። ሕጉም የራሱ ድርሻ አለው። በጊዜው ይሠራበት የነበረው አዋጅ ቁጥር 455/1997 መሬቱን ለሚለቅ ባለይዞታ ስለ ንብረቱ ካሳ እንዲከፈል ያዛል። ከተማ ማቋረጥ ማለት ብዙ ቤትና ብዙ ካሳ ማለት ነው። ዳር ዳሩን መሄድ ይረክሳል።

ይሁንና ወጪው አልቀረም፤ ከፋዩ ነው የተለወጠው። መንግሥት በካሳ ያተረፈውን ተሳፋሪው በየጉዞው ይከፍለዋል። መስመሩ በዋናነት የሚኖረው በጭነት ገቢ ስለሆነ ነጋዴዋ ወደ አውቶቡስ ብትመለስ የሚደነግጥ ላይኖር ይችላል።

ጣቢያውን ማንሳት አይቻልም። የባቡሩን ሰዓት ጠብቆ ከጣቢያው እስከ ከፊራ፣ ጓዝም የሚጭን፣ ታሪፉ የታወቀ የከተማ አውቶቡስ መመደብ ግን ይቻላል። ለቢሊዮን ዶላር ፕሮጀክት ይህ ትንሽ ወጪ ነው።