መሪ ሲላላ ጥፋቱ የማነው?

የመኪና መሪ ሲዞር ፒኞን የተባለችው ትንሽ ጥርስ አብራ ትዞርና አግድም የተዘረጋውን ባለጥርስ ዘንግ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ትገፋለች፤ ዘንጉም ጎማዎቹን ያዞራል። እንደ ቶዮታ ቪትዝ ባሉ ትናንሽ አውቶሞቢሎች የምናገኘው ይህንኑ ነው። የፒኞኗ ራዲየስ 8፣ የመሪው ደግሞ 190 ሚሊሜትር ነው እንበል። በዘንጉ ላይ የሚፈጠር የ1 ሚሊሜትር ክፍተት በእጃችን ወደ 24 ሚሊሜትር የሚጠጋ ባዶ ጉዞ ይሆናል ማለት ነው።

ይሁን እንጂ መሪው ላላ ተብሎ ሙሉውን ክፍል ለማስቀየር መጣደፍን አንደግፍም፤ ያለቀው ዋጋው አነስተኛ የሆነው የዘንጉ ጫፍ መጋጠሚያ ብቻ ሊሆን ይችላልና። ሞተሩ ጠፍቶ፣ ጎማዎቹ መሬት እንደረገጡ አንድ ሰው መሪውን በጥቂቱ ግራና ቀኝ ይነቅንቅ፤ ሌላው መጋጠሚያዎቹን በየተራ በእጁ ይዳስስ። እንቅስቃሴው የሚጠፋበት ቦታ ላይ ጥፋቱ አለ። የላስቲክ ሽፋኑ ተቀዶ ውሃና አቧራ ከገባ፣ ወይም በዘይት ግፊት በሚታገዝ መሪ ውስጥ ሽፋኑ ዘይት ካቆረ፣ ችግሩ ከራሱ ከባለጥርሱ ዘንግ ነው።

ሲቀየር መሪው ቀጥ ብሎ መታሰር አለበት፤ ተፈትቶ በነጻነት ከዞረ ወደ አየር ከረጢቱ የሚሄደው ጥቅልል ሽቦ ይበጠሳል። ጫፎቹ ሲፈቱም ዙራቸው ይቆጠር። ይህ ግን ጎማዎቹን በግምት ብቻ ስለሚያስተካክል፣ አቅጣጫቸው በመሣሪያ ካልተለካ አዲስ ጎማ እንኳ በአንድ ጠርዙ ቶሎ ይበላል።