ፕሮክሎሮኮከስ፦ አንድ ስም፣ ብዙ ዘረመል

በሞቃታማ ውቅያኖሶች በአንድ ሚሊ ሊትር ውኃ ውስጥ እስከ 100,000 የሚደርስ ፕሮክሎሮኮከስ ሊገኝ ይችላል። እንደ ዕፅዋት በፀሐይ ብርሃን ምግቡን የሚሠራ ባክቴሪያ ነው። ከሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ እንኳ የማይሞላ በመሆኑ፣ ተመራማሪዋ ሳሊ ቺዝሆልምና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1988 ይፋ እስኪያደርጉት ድረስ ሳይታወቅ ኖሯል።

እኔን ሁሌም የሚገርመኝ ግን ዘረመሉ ነው። ብርሃን በበዛበት የላይኛው ውኃ የሚኖረው ኤምኢዲ4 የተባለው የፕሮክሎሮኮከስ ዓይነት ወደ 1,700 ዘረመሎች አሉት፤ በደብዛዛ ብርሃን የሚኖረው ሌላው ዓይነት፣ ኤምአይቲ9313፣ ደግሞ ከ2,200 በላይ። የሚጋሩት 1,350 ያህሉን ብቻ ነው። ፎስፈረስ እጅግ በሚያጥርበት የሳርጋሶ ባሕር ያሉት ይህን ንጥረ ነገር ለመሻማት የሚረዱ ዘረመሎችን በብዛት ይዘዋል፤ ሃዋይ አካባቢ ባሉት ዘንድ ግን እነዚህ ብርቅ ናቸው።

ባሕር ሲሞቅ የላይኛው ውኃ ከታችኛው ጋር መቀላቀሉ ይቀንሳል፤ ከጥልቁ የሚወጣው ንጥረ ነገርም ያንሳል። ያኔ ቀድሞ የሚለወጠው የፕሮክሎሮኮከስ ሕዝብ ስብጥር ነው፦ ተስማሚ ዘረመል አስቀድሞ የነበራቸው ይበዛሉ፣ ሌሎቹ ይመናመናሉ። ሳተላይት የባሕሩን ቀለም እንጂ ይህን ለውጥ አያይም። ለዚህ ነው ከመርከብ ውኃ እየቀዱ ዘረመሉን ማንበብ፣ ያውም በየወቅቱና ለዓመታት፣ የግድ የሚሆነው።