እናት ለእናት ስታስተምር
በእጣ የተፈተኑ የጤና ትምህርቶች ለአሶሳ ቤተሰብ ምን ይነግራሉ?

ማስተማር መልካም ነገር መሆኑን የሚጠራጠር የለም። ነገር ግን «ትምህርቱ ተሰጠ» ማለትና «ትምህርቱ ሰው አዳነ» ማለት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የጤና ባለሙያው በገበያ ቀን ድምፅ ማጉያ ይዞ ስለ ወባ ይናገራል፤ ሕዝቡም ቆሞ ይሰማል፤ ራሱን ነቅንቆ ወደየቤቱ ይበተናል። ከዚያስ? ሌሊት ላይ ልጇ በትኩሳት ሲነድ እናቲቱ የምታደርገው ነገር ከትናንት የተለየ ሆነ ወይ? ሞት ቀነሰ ወይ? ይህንን የሚጠይቅ ግን ብዙ አይደለም።

በአሶሳና በመላው የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ይህ ጥያቄ የትርፍ ጊዜ ጨዋታ አይደለም። የክልሉ ቆላማ ምድር በወባ ክፉኛ ከሚጠቁት የአገራችን አካባቢዎች አንዱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው ዘገባ መሠረት እ.ኤ.አ. ከጥር 1 እስከ ጥቅምት 20 ቀን 2024 ብቻ በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ ሰዎች በወባ ታመዋል፤ 1,157 ሰዎችም ሞተዋል። ወባ ደግሞ ሕፃንን ቀናት አይሰጠውም። ጠዋት ሲጫወት የዋለ ልጅ በማግስቱ ራሱን ሊስት ይችላል። ስለዚህ በእናትና በሞት መካከል የሚቆመው ብዙ ጊዜ ሆስፒታሉ ሳይሆን የእናቲቱ እውቀት ነው።

ለመሆኑ ትምህርት እንዴት ይፈተናል?

መድኃኒት ከመሰራጨቱ በፊት እንደሚፈተን ብዙዎቻችን እናውቃለን። ትምህርትም እንደ መድኃኒት ሊፈተን ይችላል። አንድ መንደር አስተምሮ «ዘንድሮ ሞት ቀነሰ» ማለት ግን አይበቃም፤ ምክንያቱም ዘንድሮ ዝናቡ አንሶ፣ ትንኙም ቀንሶ ሊሆን ይችላል። ፈቃደኛ የሆኑትን ብቻ አስተምሮ ካልመጡት ጋር ማወዳደርም ያሳስታል፤ ለትምህርት የሚመጣ ሰው ከመጀመሪያውም ለጤናው የሚያስብ ሊሆን ይችላልና።

መፍትሔው እጣ ነው። በኑሮና በበሽታ የሚመሳሰሉ መንደሮች ጥንድ ጥንድ ይደረጉና ከሁለቱ አንዱ በእጣ ትምህርቱን ያገኛል። ሌላው በነበረው አገልግሎት ይቀጥላል። ዝናቡም፣ የእህል ዋጋውም፣ የመንገዱ ችግርም ለሁለቱም እኩል ስለሆነ በመጨረሻ የሚታየው ልዩነት በአብዛኛው ከትምህርቱ የመጣ ነው ለማለት ያስችላል።

በትግራይ የታየው ውጤት

በአገራችን ከተደረጉት እንዲህ ያሉ ፈተናዎች እጅግ የሚጠቀሰው እ.ኤ.አ. በ1997 በትግራይ የተካሄደው ነው። ገብረየሱስ ኪዳነና የአሜሪካው የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ባልደረባ የነበሩት ሪቻርድ ሞሮው የመሩት ይህ ጥናት በ2000 በታወቀው የሕክምና መጽሔት በላንሴት ታትሟል።

ተመራማሪዎቹ በሁለት ወረዳዎች ካሉ 37 ጣቢያዎች መካከል ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት ሞት የበረታባቸውን 24 መረጡ። እነዚህንም በሞታቸው መጠን እያቀራረቡ አጣመሯቸው፤ ከየጥንዱም አንዱ በእጣ ተለየ። እጣው በወጣላቸው 12 ጣቢያዎች ከእናቶች መካከል አስተባባሪዎች ተመርጠው ሠለጠኑ። እነዚህ እናቶች ለጎረቤቶቻቸው ሁለት ነገር አስተማሩ። አንደኛው የወባን ምልክት በልጅ ላይ መለየት ነው። ሁለተኛው በዚያ ዘመን የወባ መድኃኒት የነበረውን ክሎሮኪን ሳይዘገዩ መስጠት ነው። በሁለቱም ወገን የተወለደውና የሞተው ሕፃን በየወሩ ይመዘገብ ነበር።

ዓመቱ ሲያልቅ መዝገቡ ተከፈተ። እናቶች በተማሩባቸው ጣቢያዎች ከ6,383 ሕፃናት 190 ሞተዋል። ይህም ከሺህ 29.8 ማለት ነው። በሌሎቹ ግን ከ7,294 ሕፃናት 366 ሞተዋል፤ ይህ ደግሞ ከሺህ 50.2 ነው። በሌላ አነጋገር የሕፃናት ሞት በ40 በመቶ ቀንሷል። በሒሳብ ሲሰላ ትምህርቱ ባይኖር ኖሮ ሊሞቱ ይችሉ የነበሩ ወደ 130 የሚጠጉ ሕፃናት ዓመቱን በሕይወት አልፈዋል ማለት ነው።

«ሞት የቀነሰው በሌላ ምክንያት ቢሆንስ?» የሚል ይኖራል። ተመራማሪዎቹም ይህን አስበውበታል። ከሞቱት ሕፃናት በየሦስተኛው ቤት እየሄዱ ልጁ እንዴት ታምሞ እንደሞተ ቤተሰቡን ጠየቁ። ትምህርቱ በነበረበት ወገን ከተጠየቁት 70 ሞቶች ወባን የሚመስሉት 13 ብቻ ነበሩ። ትምህርቱ ባልነበረበት ወገን ግን ከ120 ሞቶች 68ቱ ወባን ይመስሉ ነበር። የቀነሰው ሞት በዋናነት የወባ ሞት መሆኑን ይህ ያሳያል።

ልብ በሉ! አዲስ ሆስፒታል አልተሠራም። አዲስ መድኃኒትም አልተፈለሰፈም። የተለወጠው ያው መድኃኒት ከእናት እጅ በጊዜው መድረሱና እናቲቱም መቼ እንደምትሰጠው ማወቋ ነው።

ያልተማሩትስ መንደሮች?

እዚህ ላይ የአንባቢ ልብ የሚቆምበት ጥያቄ አለ። ትምህርቱ ሕይወት የሚያድን ከሆነ የቀሩት 12 ጣቢያዎች እናቶች ለምን ተነፈጉ? 366 ቁጥር ብቻ አይደለም፤ እያንዳንዱ ስም ያለውና እናት ያለቀሰችለት ልጅ ነው።

ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ተድበስብሶም መታለፍ የለበትም። ነገር ግን ፈተናው ሲጀመር ውጤቱን በእርግጠኝነት የሚያውቅ አልነበረም። እናት በቤቷ መድኃኒት ብትይዝ መጠኑን ልታዛባ፣ ሌላውንም በሽታ ወባ ነው ብላ ጊዜ ልታጠፋ ትችላለች የሚለው ስጋት ቀላል አይደለም። ትምህርቱ ጎጂ ቢሆን ኖሮ የሚጎዱት የተማሩት መንደሮች በሆኑ ነበር። ባልታወቀ ነገር ላይ እጣ ማውጣት ፍትሐዊ ነው። ከታወቀ በኋላ መከልከል ግን ፍትሐዊ አይሆንም።

ስለዚህም ነው እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣው የሄልሲንኪ ድንጋጌ በሰው ላይ የሚደረግ ጥናት በተሳታፊው ፈቃድ ላይ እንዲመሠረትና የሰውየው ደኅንነት ከእውቀት ፍለጋው እንዲቀድም የሚያዘው። ደግ ፈተና ሲያበቃ ጥቅሙን ለሁሉም ያዳርሳል።

በምሥራቅ ጎጃም፦ እግርን ማጠብ ትምህርት ሲሆን

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን በአማራ ክልል ምሥራቅ ጎጃም የተደረገውና በ2018 በላንሴት ግሎባል ኸልዝ የታተመው ጥናት ነው። በዚያ አካባቢ በቀይ የእሳተ ገሞራ አፈር ላይ በባዶ እግር ከመሄድ የሚመጣ የእግር እብጠት ብዙ ገበሬዎችን ከሥራ አውሏል፤ ከሠርግና ከለቅሶም አርቋል። ያበጠው እግር በየጊዜው እያመረቀዘና እያቃጠለ በሽተኛውን አልጋ ላይ ይጥለዋል።

በጥናቱ 696 ሕሙማን ተሳትፈዋል። በእጣ የተለዩት ግማሾቹ እግራቸውን በሳሙና ማጠብ፣ ቅባት መቀባት፣ በፋሻ መጠቅለልና እግርን ማንቀሳቀስ ተምረው ጫማና ካልሲ ተሰጣቸው። የቀሩት ይህንኑ ከአንድ ዓመት በኋላ እንዲያገኙ ተደረገ። ማንም ተጠንቶ ባዶ እጁን አልተሰናበተም።

ውጤቱስ? ትምህርቱንና እንክብካቤውን ወዲያው ያገኙት ሰዎች በዓመት በአማካይ 19.4 ጊዜ ግርሻ ሲይዛቸው የቆዩት 23.9 ጊዜ ይዟቸዋል። ልዩነቱ ሲታይ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ለአንድ ገበሬ በዓመት አራት አምስት ጊዜ ከአልጋ መትረፍ ማለት በእርሻና በአረም ወቅት እጁን ከሥራ አለማጣት ማለት ነው።

ይህ ጉዳይ ቤኒሻንጉል ጉሙዝንም ይነካል። በክልሉ በትንኝ የሚተላለፈው የዝሆኔ በሽታ ይገኛልና። መነሻው ሌላ ቢሆንም ያበጠ እግርን በሳሙና አጥቦ፣ አድርቆና ከቁስል ጠብቆ መያዝ ለሁለቱም የሚጠቅም እንክብካቤ ነው።

የተማሪዎች ጥፍርና ሳሙና

በመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ተሳትፎ በትግራይ የተደረገና በ2015 የታተመ ሌላ ጥናት ዕድሜያቸው ከ6 እስከ 15 ዓመት የሆኑ 367 ልጆችን ለስድስት ወር ተከታትሏል። ልጆቹ ሲጀምሩ ከአንጀት ጥገኛ ትላትል ነፃ ነበሩ። የተጠየቀው «እንደገና የሚያዘው ማን ነው?» የሚል ነው።

እጅን በሳሙና መታጠብ ከተማሩት ልጆች ቤት 14 በመቶ ብቻ እንደገና ሲያዙ ካልተማሩት 29 በመቶ ተይዘዋል። ጥፍራቸው በየሳምንቱ ከተቆረጠላቸው 17 በመቶ፣ ካልተቆረጠላቸው 26 በመቶ ተይዘዋል። ጥፍር መቁረጥና መታጠብ ለአንባቢዎቻችን እንግዳ ነገር አይደለም። በሃይማኖታችን ከንጽሕና ሥርዓት የሚቆጠር ነው። ጥናቱ የሚጨምርልን ሳሙናው ነው፤ ውኃ ብቻውን ያንን ሥራ አይሠራምና። ደግሞም ቤተሰቦቹ ሳሙና ተሰጥቷቸው ነበር። «ታጠቡ» ብሎ አስተምሮ ሳሙና መግዣ የሌለውን ቤት ዝም ማለት ግማሽ ትምህርት ነው።

የስኳር ሕሙማንና ረመዳን

ትምህርት ሁልጊዜ ሁሉን ነገር ያሸንፋል ማለት አይደለም። በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል 220 የስኳር ሕሙማን በሁለት ወገን ተከፍለው በተደረገው ጥናት ነርሶች ለአንደኛው ወገን በዘጠኝ ወር ውስጥ ስድስት ጊዜ በሥዕል እየታገዙ አስተማሩ። የተማሩት ስለ በሽታቸው የተሻለ አወቁ፤ ለምግባቸውና ለእግራቸውም የበለጠ ጥንቃቄ አደረጉ። የሦስት ወር የስኳር መጠንን በሚያሳየው የደም ምርመራ ግን በሁለቱ ወገኖች መካከል ጎላ ያለ ልዩነት አልታየም። እስከ መጨረሻው ተከታትለው ለስሌቱ የቀረቡትም 142 ብቻ ነበሩ። እውቀት በልብ ውስጥ ገብቶ ደም ውስጥ እስኪታይ ጊዜ፣ መድኃኒትና ተከታታይ ክትትል ይፈልጋል።

በለንደን ሙስሊም ሕሙማን መካከል ተደርጎ በ2010 የታተመ ጥናት ደግሞ ለኛ ቤተሰብ በቀጥታ ይናገራል። ከረመዳን በፊት ስለ ምግብ፣ ስለ መድኃኒት ሰዓትና ስለ ስኳር ማነስ ምልክት የተማሩት ሕሙማን የገጠማቸው የስኳር ማነስ አደጋ ከ9 ወደ 5 ወረደ። ያልተማሩት ግን ከ9 ወደ 36 ዘለለ። ተሳታፊዎቹ የተለዩት በእጣ ስላልነበረ ማስረጃው እንደ ትግራዩ የጠነከረ አይደለም። ይሁንና የስኳር ሕመምተኛ አባት ወይም እናት ያለው ቤት ረመዳን ከመግባቱ አንድና ሁለት ወር ቀደም ብሎ ከሐኪም ጋር መመካከር እንዳለበት ለማሳሰብ ይበቃል። ሐኪሙ ጾም ይጎዳሃል ካለ ሸሪዓው ለበሽተኛ ያደረገውን ማቅለያ መቀበል ድካም አይደለም።

ወደ አሶሳ ስንመለስ

ከእነዚህ ፈተናዎች ለአሶሳ የሚተርፈው ምንድን ነው?

መጀመሪያ፣ የአስተማሪዋ ማንነት ነው። በትግራይ የሠራው እናት ለእናት፣ በራሷ ቋንቋ፣ በራሷ መንደር ማስተማሯ ነው። በአሶሳ ዞን ቤርታዎች በሩጣና ይነጋገራሉ፤ ከወሎ መጥተው የሰፈሩት ቤተሰቦች አማርኛ ይናገራሉ። በመተከል ጉሙዝኛና ሽናሽኛ አለ። በአንድ ቋንቋ ተጽፎ ለሁሉም የተለጠፈ ወረቀት የቤርታዋን እናት ልብ አይደርስም። የሠለጠነች ጎረቤቷ ግን ትደርሳለች።

ሁለተኛ፣ የ1997ቱን መድኃኒት ሳይሆን ዘዴውን እንውሰድ። ክሎሮኪን ፋልሲፓረም ለተባለው ገዳይ የወባ ዓይነት መስጠት ከቀረ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ኮአርተም ተተክቷል። ዛሬ መጀመሪያ የደም ምርመራ ይደረጋል፤ ከዚያ መድኃኒት ይሰጣል። ስለዚህ እናት ማወቅ ያለባት ከሱቅ ክኒን መግዛትን ሳይሆን ልጇ ባተኮሰው በዚያው ቀን ወደ ጤና ኬላ ማድረስን ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ በየቀበሌው የተመደቡትም ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ በከማሺና በመተከል በተከሰተው ግጭት ሕዝብ ተፈናቅሎ የጤና ተቋማትም በተጎዱበት ቦታ ደግሞ የሠለጠነች ጎረቤት ዋጋዋ እጥፍ ነው።

ሦስተኛ፣ የወባ ጉዳይ የእናት ብቻ አይደለም። ለወርቅ ቁፋሮ ወጥቶ ያለ አጎበር ሜዳ ላይ የሚያድረው አባትና ወንድም በደሙ ይዞት የመጣው ወባ በትንኝ አማካይነት ለቤተሰቡ ይተርፋል። ትምህርቱ ወደ ቁፋሮው ቦታና ከጁሙዓ በኋላ ወደ መስጊዱ ቅጥርም ሊደርስ ይገባል።

አራተኛ፣ አሶሳ እ.ኤ.አ. በ2011 የተቋቋመ የራሷ ዩኒቨርሲቲ አላት። የትግራይ እናቶች ያሳዩት ነገር በሩጣና ሲነገር፣ በቆላው ሙቀት፣ በወርቅ ቆፋሪው ቤተሰብ ይሠራ እንደሆነ ለመመርመር ከዚያ የተሻለ ቅርብ ቦታ የለም።

ውድ አንባቢያን! ነገ አንድ ባለሙያ ወደ ቀበሌያችሁ መጥቶ «ላስተምራችሁ» ወይም «ላጠናችሁ» ቢል በደስታ ተቀበሉት፤ ጠይቁትም። ይህ ትምህርት ከዚህ በፊት የት ተፈትኖ ምን አስገኘ? ፈቃዳችን ይጠየቃል ወይ? እምቢ ብንል ከሕክምና እንከለከላለን ወይ? እጣው ላልወጣለት ወገን በመጨረሻ ምን ይደርሰዋል? ውጤቱንስ ተመልሳችሁ ትነግሩናላችሁ? እነዚህን ጥያቄዎች በትዕግሥት የሚመልስ ተመራማሪ የልጆቻችሁ ወዳጅ ነው፤ በሩን ክፈቱለት።