ተጨማሪ መረጃ፦ ቪዛና የቆይታ ፈቃድ

ገድላቸው እንደሚለው አቡነ ተክለ ሃይማኖት ከሸዋ መጥተው በሐይቅ እስጢፋኖስ ከአባ ኢየሱስ ሞዐ ዘንድ ለዓመታት ተምረዋል፤ «ጊዜህ አልቋል» የሚል ሹም አልነበረባቸውም። ዛሬ ከሐይቅ ወይም ከውጫሌ ተነሥቶ አሜሪካ የሚማር ወጣት ግን ሁለት የተለያዩ ቀኖችን መከታተል አለበት።

ቪዛ ወደ አገሩ ለመግባት የሚያገለግል ፈቃድ ነው። የቆይታ ፈቃድ የሚባለው ደግሞ ከገቡ በኋላ መኖር የሚቻልበት ጊዜ ነው። ብዙ ሰው ሁለቱን ያምታታል። አሜሪካ በሐምሌ 2017 ዓ.ም. ለኢትዮጵያውያን የምትሰጠውን አብዛኛውን ጊዜያዊ (ለቋሚ ኑሮ ያልሆነ) ቪዛ 3 ወር ብቻ የሚያገለግልና ለአንድ ጊዜ መግቢያ ስታደርገው፣ ተማሪ በ3 ወር ይባረራል ማለት አልነበረም። ቪዛው ካበቃ በኋላ ለለቅሶ አገር ቤት ቢመጣ ግን ለመመለስ እንደገና ማመልከት ግድ ይሆንበታል።

በነሐሴ 2017 ዓ.ም. በአሜሪካ መንግሥት የቀረበው ረቂቅ ደንብ የነካው ቆይታውን ነው። «ትምህርቱ እስኪያልቅ» የሚለውን አስቀርቶ ለተማሪዎችም ለተጋባዥ ምሁራንም ቢበዛ 4 ዓመት ይል ነበር። ለመጀመሪያ ዲግሪ ይበቃ ይሆናል፤ ለዶክትሬት ያጥራል።

እስቲ አስሉ፦ የ6 ዓመት የዶክትሬት ትምህርት በመስከረም 2019 ዓ.ም. የጀመረ ተማሪ 4 ዓመት ቢፈቀድለት፣ ማራዘሚያ መጠየቅ ያለበት እስከ መቼ ነው?