የተቀበረ ነገር ከመሬት ወደ ላይ ስለ መውጣቱ

ገበሬ በማሳው ላይ ያለውን ድንጋይ ለቅሞ ከዳር ይከምራል። ከጥቂት ክረምት በኋላ ግን ሌላ ድንጋይ ብቅ ብሎ ያገኛል። «መሬት ድንጋይ ያበቅላልን?» ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። ድንጋይ ዘር አይደለምና አይበቅልም፤ ነገር ግን መሬት ራሱ የሚንቀሳቀስ በመሆኑ በውስጡ ያለውን ይገፋል። የእኛ የመተማ ቆላ አፈር ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው።

ጥቁሩ አፈራችን ዋልካ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፤ ሲደርቅ ይኮማተራል። በበጋ ፀሐይ ሲመታው ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁም አንዳንድ ጊዜ ከ1 ሜትር በላይ ይጠልቃል። ነፋስና የከብት እግር ከላይ ያለውን ብናኝ አፈር ወደ ስንጥቁ ይጥሉታል። በሰኔ ዝናብ ሲጥል ዋልካው ማበጥ ይጀምራል፤ ነገር ግን ስንጥቁ በከፊል ስለ ተሞላ ቦታ ይጠበዋል። ስለዚህ አፈሩ እርስ በርሱ ይጋፋል፤ በጐን መሄጃ ሲያጣም ድንጋዩን ይዞ ወደ ላይ ይነሣል። በጋ ሲመለስ አፈሩ ይኮማተራል፤ ድንጋዩ ግን ከሥሩ ብናኝ ስለ ገባበት ወደ ቀድሞ ቦታው አይወርድም። እንዲህ እያለ ከብዙ ዓመት በኋላ ከላይ ይደርሳል። በአንጻሩ እንደ ጨሌ ያለ ትንሽ ነገር በስንጥቁ ወደ ታች ሊገባ ይችላል። እንግዲህ ዋልካ ይውጣል፤ ይተፋልም። በዋልካ ላይ የተሠራ ቤት ግድግዳው የሚሰነጠቀው፣ የአጥሩም እንጨት የሚያጋድለው በዚሁ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው አውጪ ውሃ ነው። ጓንግና ሽንፋ በክረምት ሲሞሉ ዳርቻቸውን እየናዱ ለብዙ ዘመን የተሸፈነውን ይገልጣሉ። በብርድ አገር ደግሞ በመሬት ውስጥ የሚረጋው በረዶ ድንጋይን ወደ ላይ ያነሣል።

ከመሬት የሚወጣ ነገር ትልቅ ታሪክ ሊነግረን ይችላል። በሽንፋ ወንዝ አጠገብ ተመራማሪዎች ቆፍረው የድንጋይ ስለት፣ የሰጎን እንቁላል ቅርፊትና የዓሣ አጥንት አገኙ፤ ጥናቱም በ2016 ዓ.ም. ታተመ። ከዚያው አፈር ውስጥ በዓይን የማይታይ የመስተዋት ብናኝ ተገኘ። ይህም ከ74,000 ዓመት ገደማ በፊት በኢንዶኔዥያ የቶባ እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ በነፋስ የመጣ ነው። ሰዎቹ የኖሩበት ዘመን በዚህ ታወቀ። ስለቱን አንድ ሰው አንሥቶ ኪሱ ቢጨምረው ኖሮ ግን ተራ ድንጋይ ሆኖ በቀረ ነበር። ስለዚህ እንግዳ ነገር ስናይ ቦታውን ሳናናጋ ለመምህር ወይም ለባህል ጽሕፈት ቤት እንንገር።

ይሁን እንጂ የሚወጣው ሁሉ መልካም አይደለም። ምድራችን የጦር ሜዳ ነበረች። በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ከደርቡሽ ጋራ ሲዋጉ በመተማ ቈስለው ሞቱ። በጥቅምት 1933 ዓ.ም. ደግሞ እንግሊዞችና ጣሊያኖች በጋላባትና በመተማ በመድፍና በአውሮፕላን ተዋጉ። ሳይፈነዳ የተቀበረ የመድፍ ጥይት ቢኖር፣ ድንጋይን የሚያወጣ ዋልካ እርሱንም ማውጣቱ አይቀርም። ከላይ ቢዝግ እንኳ በውስጡ ያለው ፈንጂ ሊሠራ ይችላል። እረኛ ወንድሞቻችንና ሰሊጥ የሚያርሙ ወላጆቻችን እንዲህ ያለ ብረት ቢያዩ አይንኩት፤ በድንጋይ አይምቱት፤ ወደ እሳትም አይጣሉት። በመጡበት ዱካ ተመልሰው ለፖሊስ ያስታውቁ።

ትናንት ምንም ያልነበረበት ማሳ ዛሬም ባዶ ነው ማለት አይቻልም። በየክረምቱ መሬቱ ይገላበጣልና፣ በየዓመቱ እንደ አዲስ እያዩ መራመድ ያስፈልጋል።