ትምህርቱስ በመንግሥት፤ ሳሙናውና መመላለሻውስ?

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ውጤት በሚወጣበት ሰሞን በየቤቱ የሚሰማውን ጭንቀት የማታውቅ እናት የለችም። ውጤቱ የሠመረላት ልጅ ቤት ግን ሌላ ነው፤ እልልታው ይቀልጣል፣ ጎረቤት ለቡና ይጠራራል፣ አባትም ቢሆን ደስታውን ለመደበቅ ሲሞክር ያስታውቅበታል። እልልታው ሲበርድ ደግሞ እናት ማታ ለብቻዋ ተቀምጣ ሒሳብ ትጀምራለች። ልጅቱ ኮምፒዩተር ልማር ብላለች። ምን ይዛ ትሂድ? ለመሳፈሪያዋስ፣ ለሳሙናዋስ፣ ለፎቶ ኮፒዋስ በየወሩ ከየት ይመጣል?

የዛሬው ዓምዳችን የሚመለከተው ይህንኑ የእናቶች ሒሳብ ነው። ጉዳዩን በአዳማና በስምጥ ሸለቆ ከተሞች በኩል እንድናይ ያደረገን ምክንያት አለ። የቢሾፍቱ፣ የሞጆ፣ የወንጂ፣ የመቂ፣ የባቱና የሻሸመኔ ልጆች የኮምፒዩተርን ሙያ የሚቀስሙበት ዩኒቨርሲቲ ሩቅ አገር አይደለም፤ በአዳማ አለላቸው። ይሁን እንጂ ቅርበት ብቻውን ልጅ አያስተምርም።

በሩ ምን ያህል ጠባብ ነው?

የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ በ1980ዎቹ አጋማሽ የናዝሬት ቴክኒክ ኮሌጅ ተብሎ ሥራ የጀመረ ተቋም ነው። ከዚያ የቴክኒክ መምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ ሆነ፤ በ1998 ዓ.ም. ወደ ዩኒቨርሲቲነት አደገ፤ በ2003 ዓ.ም. ደግሞ አሁን የሚጠራበትን ስም አገኘ። በአዲስ አበባ ካለው አቻው ጋር ለሳይንስና ለቴክኖሎጂ ተለይተው ከተመደቡት ሁለት ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ ነው። ሁለቱም ከአገር አቀፉ ፈተና ሌላ የራሳቸውን የመግቢያ ፈተና ሲሰጡ ቆይተዋል። በአዳማው ዩኒቨርሲቲ የኮምፒዩተር ሳይንስና ምህንድስና እንዲሁም የሶፍትዌር ምህንድስና ትምህርት ይሰጣል።

ወደዚያ የሚያደርሰው መንገድ ቀላል አይደለም። በ2014 የትምህርት ዘመን የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ ሆነዋል። ከዚያ በታች ካመጡት የተወሰኑት የማካካሻ ትምህርት ወስደው እንደገና የመሞከር ዕድል ቢሰጣቸውም፣ በቀጥታ ያለፉት ጥቂት ናቸው።

ዶሮ ያሳቀፈች እናት ይህን ቁጥር ለመረዳት አትቸገርም። ከመቶ እንቁላል የተፈለፈሉት ሦስት ወይም አምስት ጫጩቶች ብቻ ቢሆኑ፣ እነዚያን ጫጩቶች ጭልፊት እንዳይወስዳቸው እንዴት አድርጋ ትጠብቃቸው ነበር? እነዚህ ልጆችም እንደዚያው ናቸው። ይህን ሁሉ ወንፊት አልፈው ከወጡ በኋላ በመሳፈሪያና በሳሙና እጦት ቢቀሩ ኪሳራው የአንድ ቤት ብቻ ሆኖ አይቀርም።

“ነፃ” የሚባለው ትምህርት ምን ያካትታል?

ብዙ ወላጆች በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ መማርን ፈጽሞ ነፃ አድርገው ይገምታሉ። ሌሎች ደግሞ “ልጄ ዕዳ ልትገባ ነው” ብለው ይደነግጣሉ። ሁለቱም ግምት ግማሽ እውነት ብቻ ነው ያለው።

በ1996 የትምህርት ዘመን በተጀመረው የወጪ መጋራት ሥርዓት መሠረት፣ ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ወጪ፣ ከትምህርቱም ወጪ ቢያንስ 15 በመቶውን እንዲጋራ ተደርጓል። ቀሪውን መንግሥት ይሸፍናል። ተማሪው ሲገባ ውል ይፈርማል እንጂ ትምህርቱን እየተከታተለ ገንዘብ አምጣ አይባልም። ተመርቆ ሥራ ከያዘ በኋላ ከወር ገቢው ቢያንስ 10 በመቶ እየተቀነሰ ይከፈላል። ለምሳሌ ያህል የወር ደመወዟ 12,000 ብር የሆነ ምሩቅ በወር 1,200 ብር ትከፍላለች ማለት ነው። ስለዚህ ልጅቱ ውል በመፈረሟ እናት እንቅልፍ ማጣት አይገባትም። ቢሆንም ዋናው የምስክር ወረቀት የሚሰጠው የወጪ መጋራቱ ሒሳብ ሲስተካከል ስለሆነ፣ የውሉን ቅጂ በጥንቃቄ ማስቀመጥ ይጠቅማል።

እንግዲህ መኝታው አለ፣ ምግቡ አለ፣ መምህሩም አለ። ምን ጎደለ? የጎደለው በውሉ ላይ ያልተጻፈው ነው። ሳሙናና ኦሞ፣ ሞዴስ፣ የአውቶቡስና የባጃጅ መሳፈሪያ፣ ደብተር፣ ፎቶ ኮፒ፣ የስልክ ካርድ፣ የኢንተርኔት፣ ሲታመሙ የሚገዛ መድኃኒት፣ በዝናብ ጊዜ የሚለበስ ሹራብና ጫማ አለ። ለኮምፒዩተር ተማሪ ደግሞ ከሁሉ የሚከብደው ላፕቶፕ ነው። ይህ ሁሉ ተደምሮ ለባለጸጋ ቤት ኢምንት ሊሆን ይችላል። በባቱ የአበባ እርሻ ተቀጥራ፣ ወይም በ2011 ዓ.ም. በተመረቀው የአዳማ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ ስትሰፋ ውላ ከደመወዟ የቤት ኪራይ ለምትከፍል እናት ግን ኢምንት አይደለም።

የመጀመሪያው ዓመት ነገር

እዚህ ላይ ብዙ ወላጆች ያላወቁት አንድ ነገር አለ። ዩኒቨርሲቲ መግባት ማለት የኮምፒዩተር ክፍል መግባት ማለት አይደለም። አዲስ ተማሪዎች በመጀመሪያው ዓመት ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ እንግሊዝኛና የመሳሰሉትን የጋራ ትምህርቶች አንድ ላይ ይማራሉ። የሚመደቡበት የትምህርት ክፍል የሚወሰነው ከዚያ በኋላ ሲሆን፣ አመዳደቡም በምርጫቸውና ባስመዘገቡት ውጤት ነው። የኮምፒዩተርና የሶፍትዌር ክፍሎችን የሚፈልጉ ብዙዎች በመሆናቸው ፉክክሩ የጠና ነው።

ይህን ከእናቲቱ ሒሳብ ጋር አያይዘን እንየው። ከመቂ የመጣች አንዲት ልጅ እናስብ። እናቷ ቲማቲምና ሽንኩርት ትቸረችራለች። ልጅቱ ማታ ማታ ቤተ መጻሕፍት ስታነብ ውላ፣ ሞዴስ የሚገዛበት ሲጠፋ በወር ሦስትና አራት ቀን ከክፍል ትቀራለች። ጓደኞቿ የፎቶ ኮፒ ጽሑፍ ይዘው ሲያጠኑ እሷ እነሱ ተኝተው እስኪነሱ ትጠብቃለች፤ ከዚያ ተውሳ ትገለብጣለች። ላፕቶፕ ነክታ ስለማታውቅ መለማመጃው ክፍል ሲገቡ ሌሎች ሥራውን ሲጨርሱ እሷ ገና ፊደሉ የት እንዳለ ትፈልጋለች። የዓመቱ መጨረሻ ላይ ውጤቷ ትንሽ ይወርዳል። አልወደቀችም። ግን ስትመኘው የኖረችው ክፍል ሞልቶ፣ ያላሰበችው ቦታ ትመደባለች። ሰው የሚያውቀው “ነጥቧ አልበቃም” የሚለውን ነው። ያነሳት ግን አእምሮዋ ሳይሆን በወር ጥቂት መቶ ብር ነው።

የባሰም አለ። ችግር ሲጠና ደላላው ቅርብ ነው። “ዐረብ አገር ሄደሽ ቤተሰብሽን ብትረጂ ምን አለበት?” የሚለው ምክር የሚመጣው ልጅቱ በደከመችበት፣ እናትም በተበደረችበት ሰዓት ነው።

ከዚህ የምንረዳው የትምህርት ድጎማ መድረስ ያለበት ገና ከመነሻው፣ በመጀመሪያው ዓመት በመስከረምና በጥቅምት መሆኑን ነው። ብዙ ሰው ግን ልጁ ሁለተኛና ሦስተኛ ዓመት ደርሶ “ጎበዝ ነው” ከተባለ በኋላ ነው እጁን የሚዘረጋው። ያኔ የሚደርሰው እርዳታ መልካም ቢሆንም የክፍሉ ምርጫ አልፏል። እስከ መጨረሻው መቀጠሉም ያስፈልጋል፤ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ተመራቂዎች የመውጫ ፈተና ማለፍ ስለሚጠበቅባቸው የመጨረሻው ዓመትም ፋታ የሚሰጥ አይደለም።

እጅ ያገኙ የት ደረሱ?

ተሰጥኦ ያላት ልጅ ደጋፊ ስታገኝ የት እንደምትደርስ ለማየት ረድኤት አበበን ማስታወስ ይበቃል። የአዲስ አበባ ልጅ ናት። የተማረችው በዋና ከተማው ባለው ናዝሬት ትምህርት ቤት ነው፤ ስሙ እንጂ ቦታው ከአዳማ ጋር አይገናኝም። በችሎታዋ የነፃ ትምህርት ዕድል አግኝታ በአዲስ አበባ ወደሚገኘው ዓለም አቀፍ ትምህርት ቤት ተዛወረች። ከዚያ በአሜሪካ ሃርቫርድ ሒሳብ ተማረች፤ በ2011 ዓ.ም. በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ በኮምፒዩተር ሳይንስ የዶክትሬት ዲግሪዋን ስታገኝ በዚያ ዩኒቨርሲቲ በዚህ ሙያ ለዚህ ማዕረግ የበቃች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ሆነች። ምርምሯም የኮምፒዩተርን ጥበብ ለድሆችና ለተገፉ ሰዎች ጥቅም ማዋልን ይመለከታል። የመጀመሪያውን በር የከፈተላት ያ የትምህርት ቤት ነፃ ዕድል ነው።

በአገር ውስጥም ምሳሌ አለ። ማስተርካርድ ፋውንዴሽን በ2009 ዓ.ም. ከጎንደር ዩኒቨርሲቲና ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በጀመረው ፕሮግራም በተለይ አካል ጉዳተኛ ወጣቶችን ለማስተማር ተነሥቷል። የዚህ ዓይነቱ የትምህርት ዕድል ከትምህርቱ ክፍያ አልፎ የተማሪውን ኑሮና መማሪያ ጭምር ማሰቡ ነው ቁም ነገሩ። የጎረቤት ድጎማም መምሰል ያለበት ይህንኑ ነው።

እድሩ ምን ሊያደርግ ይችላል?

“እኛ ፋውንዴሽን አይደለንም፤ ከየት አምጥተን?” የሚል ይኖራል። የአባቶች ተረት መልስ አለው፤ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። በአዳማም ሆነ በሞጆ እድር የሌለው ሰፈር፣ ዕቁብ የሌለው የሥራ ቦታ ማግኘት ያዳግታል። 200 አባላት ያሉት እድር እያንዳንዱ በወር 10 ብር ቢጨምር በወር 2,000 ብር ይሆናል። ይህ የአንዲት ልጅን፣ ምናልባትም የሁለት ልጆችን የሳሙና፣ የሞዴስ፣ የመሳፈሪያና የፎቶ ኮፒ ችግር ያቃልላል። ለቀብር የምናዋጣ ሰዎች ለሕያው ልጅ ማዋጣት አያቅተንም።

ሥራው ያለ ቅሬታ እንዲሄድ የሚከተሉት ቢታሰብባቸው መልካም ነው።

ልጆቹ የሚመረጡት በውጤታቸውና በቤታቸው አቅም ብቻ ይሁን። መራጮቹ ሦስት ሰዎች ሆነው ቢያንስ አንዷ ሴት ብትሆን፣ ልጃገረዶች የሚያፍሩበትን ችግር ሳይሸማቀቁ ይናገራሉ።

ገንዘቡ በልጅቱ ስም በተከፈተ የባንክ ሒሳብ በየወሩ ይግባላት። በአንድ ጊዜ የተሰጠ ብዙ ገንዘብ ለቤት ኪራይ ወይም ለታመመ ወንድም ወጥቶ ያልቃል።

በየሴሚስተሩ ውጤቷን ለኮሚቴው ታሳይ። ውጤቷ ቢወርድ ለመቅጣት ከመቸኮል በፊት ምክንያቱን መጠየቅ ይገባል።

ላፕቶፕ አዲስ መግዛት ባይቻል፣ ቢሮዎችና በውጭ ያሉ ዘመዶች የሚተኩትን ያገለገለ ዕቃ አሠርቶ መስጠት ይቻላል።

ከሁሉ በላይ ልጅቱን በስብሰባ ፊት አቁሞ “ይህቺ የምንረዳት ድሃ ናት” ማለት አይገባም። እርዳታው ክብሯን ከነካ ጉዳቱ ያመዝናል።

ለእናቶችም አንድ ማሳሰቢያ አለን። “ውጭ አገር የነፃ ትምህርት ዕድል አስገኝላታለሁ፤ መጀመሪያ ገንዘብ ስጡኝ” የሚል ሰው ሲመጣ የትምህርት ቤቱን መምህር ሳያማክሩ አንድ ብር አያውጡ። በአንጻሩ እውነተኛና በነፃ የሚገኝ ዕድል ሲኖር አይለፈን። ለምሳሌ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ፕሮግራም ወጣቶች የኮምፒዩተር ፕሮግራም አጻጻፍን ያለ ክፍያ በኢንተርኔት እንዲማሩ ታስቦ የተዘጋጀ ነው። ውጤት ስትጠብቅ ክረምቱን ቤት የምትውል ልጅ እንዲህ ባለ ትምህርት እጇን ብታፍታታ፣ መለማመጃ ክፍል ስትገባ ፊደል ፍለጋ አትደናበርም።

ውድ አንባብያን፣ ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ጉልት የተቀመጠች ሴት የሽንኩርቷን ዋጋ በስልኳ ትቀበላለች። በባንክም፣ በሆስፒታልም፣ በፋብሪካም ሥራው በኮምፒዩተር እየሆነ ነው። ይህን ሁሉ የሚያሠራውን ፕሮግራም የሚጽፉ ሰዎች ከአንድ ቤት የተወለዱ ናቸው። ከመቂ ጉልት፣ ከወንጂ የሸንኮራ ሠፈር፣ ከባቱ የአበባ ሠራተኞች ቤት የማይወለዱበት ምክንያት የለም። የሚቀጥለው የእድር ስብሰባ ሲጠራ፣ ከሌላው ጉዳይ ጋር ይህንንም አንዷ እናት ታንሣው። መስከረም ሳይጠባ ቢሆን ይበልጥ ይጠቅማል።