የአባ ቃኘው ስምና የአሥመራው የቦውሊንግ ቤት

ከአሰበ ተፈሪ፣ ከዛሬዋ ጭሮ፣ ተነሥቶ በሂርና በኩል ወደ ሐረር የሚጓዝ መንገደኛ በቁልቢ ያልፋል። የሐረርጌው ገዥ ራስ መኰንን በመጋቢት 1898 ዓ.ም. ያረፉት በዚያ ነው። የፈረስ ስማቸው «አባ ቃኘው» ይባል ነበር። ይህ ስም ርቆ ሄዶ ከአንድ የጨዋታ ቤት ታሪክ ጋር ተገናኘ ብንል አንባቢ ይደነቅ ይሆናል።

በ1943 ዓ.ም. ወደ ኰርያ የዘመተው ጦራችን ቃኘው ተባለ፤ ከእርሱም ስሙ በአሥመራ ለነበረው የአሜሪካ የራዲዮ ጦር ሰፈር ተሰጠ። በ1940ዎቹ ገደማ ለሰፈሩ ወታደሮች መዝናኛ የሚሆን የቦውሊንግ ቤት በከተማው ተሠራ። በተወለወለ ረጅም የእንጨት ወለል ጫፍ ጠርሙስ የሚመስሉ ዐሥር እንጨቶች በሦስት ማዕዘን ይቆማሉ፤ ተጫዋቹም ከባድ ኳስ አንከባሎ ይጥላቸዋል።

የወደቁትን ማን ያነሣል? በአሜሪካ ከ1944 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ለዚህ ሥራ መኪና መግባት ጀምሮ ነበር። በአሥመራ ግን ከወለሉ ጀርባ የሚጠብቁ ልጆች እንጨቱን በእጃቸው ያቆሙ፣ ኳሱንም ይመልሱ ነበር። እኛ ልጆች የምናስተምር ሰዎች ስለዚያ ቤት ስናነብ ዓይናችን የሚያርፈው በነዚህ ላይ ነው፤ ኳሱ ሲመጣ ገለል ለሚል ልጅ ያ ቦታ መዝናኛ አልነበረምና።

ሰፈሩ በ1969 ዓ.ም. ተዘጋ፤ ወታደሮቹም ወደ አገራቸው ተመለሱ። ከብዙ ዘመን በኋላ ወደ አሥመራ የሄዱ ጐብኚዎችም እንጨቶቹ በሰው እጅ ሲቆሙ አይተዋል።